ፍላጎታችንን የሚያውቅልን ሰው

ምን እንደሚያስፈልገን ሊጠይቀን የሚመጣ፣ መልሱን ግን ከቢሮው ይዞ የሚመጣ ሰው ከየትም ሰፈር አይጠፋም። ለእኛ ሰፈር የደረሰው ክቡር አጥኚ ነው። ስሙን ነግሮን ነበር፤ እኛ ግን «ክቡር አጥኚ» አልነው፣ እሱም ቅር አላለውም።

በመጀመሪያው ስብሰባ «የመጣነው ልናዳምጣችሁ ነው» አለና ስለ ማዳመጥ ጥቅም ረፋዱን ሙሉ አወራ። ሲደክመው በቡድን ከፋፈለን፤ ባለቀለም ወረቀት አድሎን ፍላጎታችንን ጽፈን ግድግዳው ላይ እንድንለጥፍ አዘዘን።

ፀጉር አስተካካዩ «ድልድይ» ብሎ ለጠፈ። ሰፈራችንን ለሁለት የሚከፍል የጎርፍ መውረጃ አለ። ዝናብ በጣለ ቁጥር የማዶ ሰዎች እዚያው ይቀራሉ፤ ክሊኒኩም የስብሰባ አዳራሹም በእኛ በኩል ናቸው።

ክቡር አጥኚ ወረቀቱን በሐዘኔታ ተመለከተው። «ወንድሜ፣ ድልድይ መፍትሔ ነው። እኔ የጠየቅኩህ ፍላጎትህን ነው።»

«ፍላጎቴ መሻገር ነዋ።»

«እሱ ደግሞ ምኞት ነው።»

በመጨረሻ ድምፅ ተሰጠና የአመራር ክህሎት ሥልጠና በሰፊ ልዩነት አሸነፈ። ሥልጠናው ምሳ እንዳለው አስቀድሞ ስለተነገረን እኔም እጄን አውጥቻለሁ። ክቡር አጥኚ ከማዶ ነዋሪዎች የቀረበ የድልድይ ጥያቄ እንደሌለ በኩራት አጠቃለለ። ልክ ነው፣ አልቀረበም። ከጠዋት ጀምሮ ሲዘንብ ስለነበር ከማዶ የመጣ ሰው አልነበረም።

ሰውየው ግን የጀመረውን አይተውም። ውሃው በጎደለ ቀን ቤት ለቤት ሊያጣራ ተሻገረ፤ አክስቴ ዘንድ የወሰድሁት እኔ ነኝ። አክስቴ ስኳር አለባት። እግሯ ላይ ያለው ቁስል በቀኑ ካልታጠበና ካልታሸገ እግሯን ልታጣ እንደምትችል ሐኪሟ ነግሯታል። በጎርፍ ቀን አዝዬ የማሻግራት እኔ ነበርሁ፤ ወገቤ ከከዳኝ ወዲህ ግን ቀጠሮ መዝለል ጀምራለች።

«እናቴ፣ ቅድሚያ የሚሰጡት ፍላጎት ምንድን ነው?» አላት።

«ይቺ እግሬ አብራኝ እንድትኖር።»

እሱ ይህ በየትኛው ዘርፍ እንደሚመደብ ሲያስብ ዝናቡ ወረደ። ሲያባራ መውረጃው ሞልቷል። የዚያን ዕለት ቀጠሮ ነበራት፤ ያለፈውንም ዘላለች።

ጎርፉ ጋብ እስኪል ጠበቅን። ክቡር አጥኚ ውሃውን አየ፣ አክስቴን አየ፣ ከዚያ የተወለወለ ጫማውን አየ። ብዙ ያየው ጫማውን ነው። በመጨረሻ አውልቆ ለእኔ ሰጠኝና ጀርባውን አዞረላት።

ድልድዩ ዛሬም የለም። ሥልጠናው ተሰጥቷል፤ የምስክር ወረቀትም አለኝ፣ ማንን እንደምመራበት ግን እስካሁን አልተነገረኝም። ዝናብና የአክስቴ ቀጠሮ በተገጣጠሙ ቁጥር ግን ክቡር አጥኚ ሱሪውን ጠቅልሎ ከተፍ ይላል። ማንም አልላከውም፣ በዕቅዱም ውስጥ የለም። ዘግየት ካለ ዳር ላይ ቆሜ መንገድ መንገዱን የማየው እኔው፣ እሱን ሳማው የምውለው ሰው ነኝ።

ባለፈው ሳምንት አዝሏት ውሃው መሐል ሲደርስ ቆም አለ።

«እናቴ፣ በአገልግሎቱ ምን ያህል ረክተዋል? በጣም፣ በመጠኑ ወይስ ምንም?»

አክስቴ አንገቱን ጠበቅ አድርጋ ያዘች።

«መጀመሪያ አሻግረኝ፣ ልጄ። መልሱን ማዶ እነግርሃለሁ።»