የአርአያ ሰዎች ፎቶ አንሺ

እናንተ፣ ለመጽሔት «አርአያ ሰው» የሚያነሣ ፎቶ አንሺ ገጥሟችሁ ያውቃል? እኔስ እዚህ እስራኤል፣ ረሆቮት ከተማ፣ ክፋር ማርሞሬክ ሰፈር ቤቴ ድረስ መጣብኝ። ልጄ የጥርስ ሐኪም ናት፤ ነጭ ጋውኗን ለብሳ ጠበቀችው። «አውልቂው፤ የሀገራችሁን ቀሚስ ልበሺ» አላት። እኔንም ሱፌን አስወልቆ በዚያ በነሐሴ ሐሩር ጋቢ አለበሰኝ።

«ያላ፣ በል እንጂ አባ፣ አዘን ብለህ ወደ ሩቅ እይ!»

«የጎረቤቴ ግድግዳ ምኑ ያሳዝናል?» አልኩት።

«የአንባቢው ልብ እንዲነካ ነው።»

«ታዲያ ሐኪም መሆኗን አንባቢው በምን ይወቅ?»

ልጄ «አባ፣ ቤሰደር፣ እሺ በለው፣ ይጨርስና ይሂድ» ብላ ለመነችኝ፤ እኔም አዘን ብዬ ግድግዳውን አየሁ።

መጽሔቱ ወጣ። ከፎቶው ሥር ያለውን ራሴ አነበብኩት፦ «ከሩቅ መንደር የመጣችው ልጅ»። እዚሁ ረሆቮት የተወለደችውን! በሃምሳ ዓመቴ ፊደል የቆጠርኩት ይህን ላነብ ኖሯል?