የትርንጎ ድልድይ

አመለወርቅ በትንሿ መቀስ ሦስተኛውን ቀይ ክር ስትተረትር የአዳራሹ በር ተከፈተ። ትርንጎ ነበረች።

ትርንጎን የማያውቅ የለም። በየሰፈሩ አንዲት አለች፤ ትናንት የጀመረችውን ዛሬ ታስተምራለች። ክብርት የቀለም ሐኪም ትርንጎ፣ ኦክላንድ ፍሩትቬል ሰፈር ባለው በዚህ የጥልፍ አዳራሽ መርፌ ከጨበጠች ዓመት አልሞላትም፤ ያስጨበጠቻት ደግሞ አመለወርቅ ናት። አሁን ግን ያገኘችውን ሰው ሁሉ ከራስ እስከ እግሩ አይታ መድኃኒት ታዛለች። "አንተ ግራጫ አብዝተሃል፤ እንቅልፍ የነሳህ እሱ ነው።" ለሚያመነታ ደግሞ፣ "ቀለሙን አትፍራው፤ እሱ ነው የፈራህ።"

ስፌቷ ፍየል የሄደችበት መንገድ ይመስላል። ሆኖም ባለፈው እሑድ ጥልፍ ሊያዩ የመጡት ወይዘሮ እታገኝ ሰማያዊ ጨርቋ ፊት ቆመው አለቀሱ። "ልጄ፣ ደረቴን ከፈተልኝ።" ነጭ በነጭ የተሠራውን፣ እንከን የለሹን የአመለወርቅን ጥልፍ ግን "ንጹሕ ነው" ብለው አለፉት። እንደ ታጠበ ሳህን።

ይህንንስ ትችለው ነበር። ያንገበገባት ሌላ ነው። ኦክላንድ ላይ አውራ ጎዳናውን ከደረመሰው የመሬት መንቀጥቀጥ ወዲህ ሁለቱም ድልድይ ይፈሩ ነበር። ከሚኖሩባት ደሴት ከአላሜዳ ሲወጡ በሰው መኪና፣ የኋላ ወንበር ላይ፣ እጅ ለእጅ ተያይዘውና ዓይናቸውን ጨፍነው ነበር የሚሻገሩት። ፍርሃት ለሁለት ሲሆን ይቀላል። ትርንጎ ግን ጨርቅ ከያዘች በኋላ መንጃ ፈቃድ አወጣች። እየዘፈነች ትነዳለች፤ አመለወርቅ ጎኗ ተቀምጣ ብቻዋን ትጨፍናለች። "ሪላክስ አድርጊ፣ አመልዬ።" በጨርቅ ዳነች። ያውም በጠማማ ስፌት።

ሳን ሆዜ ለዐውደ ርእይ በሚሄደው የትርንጎ ጨርቅ ላይ የተሰፋው ያ ድልድይ ነበር። መሐሉ ላይ ቀዩ መስመር ተንጋዷል። አመለወርቅ የምትተረትረው እሱን ነው።

"እያቃናሁልሽ ነው" አለች።

"ውሸታም። ቀንተሽ ነው።" ትርንጎ ወንበር ስባ አጠገቧ ተቀመጠች። "ተርትሪው። ስሰፋ የድልድዩ መሐል ጋ ስደርስ እጄ ተንቀጥቅጦ ነው የጠመመው።"

"ድነሽ የለ እንዴ?"

"ማን አለሽ? የምዘፍነው ለምን መሰለሽ? ዝም ካልኩ መሪውን እለቀዋለሁ።"

"ታዲያ ይሄን አትነግሪኝም?"

"ብነግርሽ መኪናዬ ውስጥ ትገቢ ነበር?"

አመለወርቅ አሰበችው። አትገባም።

መቀሱን አስቀመጠች። የክሩን ሳጥን ወደ ራሷ ሳበች፤ ነጩን አልፋ ቢጫ አወጣች።

"ቢጫ እኮ ለአንቺ..." ብላ ጀመረች የቀለም ሐኪሟ።

"ዝም በይና መርፌ አቀብይኝ።"

ጨርቁ ሳን ሆዜ ታይቶ ተመለሰ። መሐሉ ላይ ሁለት መስመር አለው፤ አንዱ ቀይና ጠማማ፣ አንዱ ቢጫና ቀጥ ያለ። ድልድዩ ላይ ትርንጎ አሁንም ትዘፍናለች። አመለወርቅ አንድ ዓይኗን ብቻ ትጨፍናለች።