ዕብራይስጥ የተማረችው የወንድሜ ልጅና የኔ ጉድ

የተማረ ዘመድ ያለው ሰው አንገቱ ይረዝማል። የኔማ ከደብረ ታቦር ሆኖ ከተራራው ማዶ ያለችውን ገሳይን ሊያይ ምንም አልቀረው! የወንድሜ ልጅ የሺ አዲስ አበባ ሄዳ ዩኒቨርሲቲ ገባች። ዕብራይስጥና የአይሁድን ታሪክ ተማረች። እኔ እንኳ ፊደል የቆጠርኩት በመሠረተ ትምህርት ነው፤ እሱንም «ቀ» ላይ ስደርስ አጨዳ መጣና ተውኩት። ቢሆንም ለቄሱም ለቀበሌው ሊቀመንበርም «የኛ ልጅ ንጉሥ ዳዊትን ብታገኝ አስተርጓሚ አትሻም» እያልኩ ነዛሁ።

ክረምት ላይ መጣች። መምህሯ ለመመረቂያ ጽሑፍሽ አገርሽ ያሉትን ቤተ እስራኤሎች ጠይቂ ብሏታል።

«አክስቴ፣ ጋፋት መንገድ ሸክላ የሚሠሩት እማማ ወርቄ አሉ አይደል? ውሰጅኝ» አለች። እሳቸው ካልተናገሩ ጽሑፍ የለም፤ ጽሑፍ ከሌለ መመረቅ የለም።

እኔ ግን እሳቸው ደጅ የምቆምበት ፊት የለኝም። ልንገራችሁ? በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም።

የሺ የአምስት ዓመት ልጅ ሳለች፣ ገበያ ይዣት ወጥቼ ድስት ስገዛ እማማ ወርቄ «እንዴት ታምራለች!» አሉ። ነጠላዬን ልጅቱ ላይ ጣል፣ ትፍ ትፍ! በማግስቱ ሆዷን ያዛት። «ቡዳ በላቻት!» ብዬ ገበያውን አናወጥኩት። ያን ዓመት ድስታቸውን የገዛ የለም። የልጅቱን ኪስ ስፈትሽ ግን ጥሬ ኮክ ሞልቶታል። ለማን ተናገርኩ? ለማንም።

ሄድን። እንዳገራችን ወግ ድንጋይ አንገቴ ላይ ተሸክሜ ደጃቸው ቆምኩ። ቀስ ብዬ የኮኩን ነገር ተናዘዝኩ።

«ስሜን በገበያ መሀል አጥፍተሽ፣ ይቅርታው በሹክሹክታ ነው?» አሉ።

ጮኼ ደገምኩት። ጎረቤት ሁሉ ወጣ። የሺ ያየችኝን አስተያየት ለጠላቴም አልመኝ። መሬት አልተከፈተችም እንጂ እገባባት ነበር።

«በይ አውርጂው» አሉ በመጨረሻ። በደስታ ጉልበታቸውን ልስም ስንደረደር ወደ ኋላ ዘለሉ።

«ኧረ አትንኪኝ! በዚህ ብርድ ወንዝ ልታወርጂኝ ነው?»

ለካ በሕጋቸው ክርስቲያን የነካቸው እንደሆነ ሳይታጠቡ ቤት አይገቡም! ድስት ስገዛ ሳንቲሜን ውሃ ውስጥ ያስጥሉኝ የነበረው ለዚህ ኖሯል። እኔ ዓይናቸውን ስፈራ፣ እሳቸው እጄን ይፈሩ ነበር።

የሺ ደብተሯን ከፈተች። እማማ ወርቄ መጀመሪያ ምን ያስጻፉ መሰላችሁ? የኔን ስም፣ ከነአባቴ፣ ከነኮኩ።

እነሆ፣ እኔም ዩኒቨርሲቲ ገባሁ።