ወንዱን ሳላይ አልሄድም

ሰው ወፍ ለማየት ብሎ ባሕር ይሻገራል ቢሏችሁ ታምናላችሁ? ለመብላት አይደለም። ለመሸጥም አይደለም። ለማየት ብቻ! አይቶ፣ «እሰይ» ብሎ፣ ወደ አገሩ ለመመለስ። እኔም በዐይኔ ባላይ አላምንም ነበር። እኛ ወፍ የምናየው ማሽላችንን ስትበላ ነው። ያን ጊዜም ወንጭፍ ይዘን ነው።

ደግሞስ ስለ ወፍ ምን እናውቅ ነበር? «የወፍ ወንዱ፣ የሰው ሆዱ አይታወቅም» ብለው አባቶቻችን ዘግተውታል። እነሱ የዘጉትን ማን ይከፍታል? አይታወቅም ካሉ አይታወቅም። ይቺን ተረት ብቻ ያዙልኝ፣ ኋላ ትፈለጋለች።

ነገሩ የሆነው በጥሊያን ጊዜ ነው። ዛሬ ፍኖተ ሰላም የምትሉት ከተማ ያን ጊዜ ስሙ ወጀት ነበር። መንደራችን ከቡሬ ወደ ማንኩሳ ሲሄዱ ከመንገዱ ገባ ብላ ያለች ናት። ቡሬ ላይ ጥሊያን ምሽግ ሠርቶ ተቀምጧል። እምሽጉ ውስጥ አንድ ሐኪም ነበር፤ ረጅም፣ ቀጭን፣ አንገቱ ላይ ሁልጊዜ ሩቅ አሳይ መነጽር የማይጠፋ። ሲያክም ይውልና ሥራው ሲያልቅ ዛፍ ለዛፍ ሲያንጋጥጥ ይገኛል። የቡሬ ሰው «ሐኪም ወፌ» አለው። ለልጅ «ወፌ ቆመች» እንደምንለው በፍቅር እንዳይመስላችሁ፤ መጀመሪያ ላይ ለሽሙጥ ነበር።

አማርኛ የተማረው ከበሽተኞቹ ነው። ስለዚህ ሰላምታው ሁሉ «የት ጋ ያምሃል?» ነበር። ደህና ነኝ ብትሉት ቅር የሚለው ይመስላል።

አንድ ቀን ይኸው ሐኪም በበቅሎ ሆኖ፣ ሹምባሽ የሚሉትን የአስካሪ አለቃና ጥቂት ወታደር አስከትሎ፣ አማቴ ቤት መጣ። አማቴ አያ ታረቀኝ የመንደሩ ጭቃ ሹም ናቸው። እኔም ከጎናቸው ነበርኩ። እግዜር ይስጠው፣ አማርኛው ቢሰባበርም ነገሩ ግልጽ ነበር። በአገሩ ሳለ፣ ጦርነቱ ሳይመጣ፣ ወደ ኢትዮጵያ ሊመጣ አቅዶ ነበር አሉ። ለወፍ! በየትኛው ወር እንደሚነሳ፣ ምን ዓይነት ጫማ እንደሚያደርግ፣ ዝናቡ መቼ እንደሚያባራ፣ ከአንድ ወዳጁ ጋር ሲመክሩ ዓመት ዓመትን ይወልዳል። በዓለም ላይ ሌላ የትም የሌለ፣ እኛ ዘንድ ብቻ የሚገኝ አንድ ግንደ ቆርቁር አለ፤ ጀርባው ወርቅማ። እሱን ሳያይ መሞት አልፈለገም። በኋላ ወዳጁ ሞተ። ሐኪሙንም መንግሥቱ የወታደር ልብስ አልብሶ ላከው።

«እንግዳ ሆኜ ልመጣ ነበር» አለ። «በጦር አመጡኝ።»

አያ ታረቀኝ ከእግር እስከ ራሱ አዩት። ቀጥለውም፣ «እንግዳማ ቢሆኑ ጠላ እንቀዳልዎ ነበር» አሉት። ይህን ብለው ግን አስቀዱለት። ጎጃሜ ምን ያድርግ? ደጁ የቆመን ሰው ጉሮሮውን ሳያረጥብ መስደድ አይሆንለትም።

ችግሩ ሌላ ነው። ያ ግንደ ቆርቁር የሚኖረው አቦ ደን ውስጥ ነው፤ የደብራችን ደን። አቦ ለተጠማች ወፍ የዐይናቸውን እንባ ያጠጡ ጻድቅ አይደሉ? እሳቸው ግቢ ወፍ ላይ ድንጋይ የሚወረውር የለም፣ ዛፍም አይቆረጥም። ስለዚህ ወፉ ሁሉ እዚያ ነው። ወንድሜ አድማሱም እዚያ ነው።

ታላቅ ወንድሜ አድማሱ አርበኛ ነበር። ጭኑን በጥይት ተመትቶ ጓደኞቹ በቃሬዛ አምጥተው ጥለውልን ሄዱ። አንድ ባሕታዊ ኖረው ያረፉባት ባዶ ጎጆ ነበረች፣ ደኑ መሐል። እዚያች ውስጥ ሸሸግነው። ቁስሉ አመርቅዞ፣ እግሩ አብጦ፣ ቅጠሉም ጸበሉም ተሞክሮ፣ ሰውነቱ በየቀኑ እያነሰ ይሄዳል። ያ ሐኪም ወታደሩን አስከትሎ ወፍ ሲፈልግ ቢያገኘውስ? አድማሱ ይሰቀላል። መንደሩም ይቃጠላል። ወንዝ ማዶ ያለችው መንደር አንድ አርበኛ አሳደራችሁ ተብላ አመድ ስትሆን ጭሷን አይተናል።

ሽማግሌዎቹ ተሰበሰቡ። እምቢ ማለት አይቻልም፣ እምቢ ያለ ይጠረጠራል። እንግዲያው ጉዞውን እኛው እናቅድለት ተባለ። እንዴት ያለ ምክር መሰላችሁ! ለሰርግም እንዲህ አልተመከረ። አንዱ ወፏ ብርድ ወዳድ ናት ብለን ደጋ አገር፣ ፈረስ ቤት እንስደደው አለ። ሌላው ፈረስ ቤት ዘመድ አለኝና ሌላ ቦታ ፈልጉ አለ። መጨረሻ ላይ በየሜዳው ልናዞረው ተስማማን። ቆቅ ወዲህ፣ ምዝግዝግ ወዲያ እንዲሉ።

አዞርነው። መቼም ይኼ ሰው ደስታው ቅርብ ነው። ማጅራቱ ነጭ የሆነውን ያንን ተራ ቁራ ስናሳየው ባርኔጣውን አወለቀ። ቁራ እኮ ነው የምላችሁ! ከኖኅ መርከብ ተልኮ የቀረውን። በጣም አመሰግናለሁ እያለ እጃችንን ጨበጠ። እኔ አፈርኩ። ሰው ሲያታልሉት ካመሰገነ ማታለሉ እንዴት ይጥማል?

ግን አልረሳም። «ግንደ ቆርቁር የት ነው?» ይላል። ትልልቅ ዛፍ ይወዳል፣ ያ ደን ጥሩ ነው፣ ይላል በጣቱ አቦን እያሳየ።

እዚህ ላይ አያ ታረቀኝ አንድ ነገር አመጡ። የእኛ ሰው ማለዳ መንገድ ሲወጣ ገድ ያያል። ግንደ ቆርቁር በስተቀኝ ሲቆረቁር ከተሰማ መንገዱ ቀና ነው። በስተግራ ከሆነ ተመልሶ ቤት መግባት ነው። ሐኪሙ በመጣ ቁጥር ከደጅ ስንወጣ አያ ታረቀኝ ቆም ይላሉ። ጆሯቸውን ያቆማሉ። «ግራ ነው። ዛሬ አይሆንም» ይላሉ። ሐኪሙም አይከራከር። «ወፉ ራሱ እንዳይታይ ከፈለገ ምን አደርጋለሁ?» ብሎ ጠላውን ጠጥቶ ይመለሳል። እንዲህ እንዲህ እያልን ብዙ ሰነበትን። እኔማ የአማቴን ብልሃት ሳደንቅ አላባራም። ለሚስቴ፣ አባትሽ ሰይጣንን የሚያስከነዱ ብልህ ናቸው እላታለሁ።

አንድ ማለዳ ወጣን። ወፉ ቆረቆረ። በስተቀኝ።

አያ ታረቀኝን አየኋቸው። ግራ ነው እስኪሉ እጠብቃለሁ። እሳቸው ግን ፊታቸው በራ። «ቀኝ ነው! መንገዱ ቀንቷል፣ እንሂድ» ብለው ወደ አቦ ቀደሙ።

ለካ ብልሃት አልነበረም! ለካ እስከዚያ ቀን ወፉ እውነትም በግራ ኖሯል! ተጠግቼ በሹክሹክታ፣ አባቴ ምን እያደረጉ ነው፣ አድማሱ እኮ እዚያ ነው፣ አልኳቸው።

«አውቃለሁ ልጄ» አሉኝ። «ገድ ከቀና የሰው ክፋት ምን ያደርጋል? እኔ በወፍ ላይ አልዋሽም።»

ምን አደርጋለሁ፣ ተከተልኳቸው። ሐኪሙ ግን ደስታው አፍ አውጥቶ ያናግረዋል። መንገዱን ሙሉ ያስተምረኛል። ወንዱን ከሴቷ መለየት ቀላል ነው፣ ወንዱ ራሱ ላይ ቀይ ቆብ የመሰለ አለው፣ ሴቷ የላትም፣ ይለኛል። እኔ ምኑን ልስማ! አባቶቻችን የዘጉትን ተረት ሲከፍትብኝ እንኳ አላስተዋልኩም።

ከደጀ ሰላሙ ደረስን። መሣሪያ ይዞ መግባት ነውር ነው። ሹምባሹ ከመረብ ማዶ የመጣ ክርስቲያን ነው፤ እሱም እንደኛው ደጁን ስሞ፣ ወታደሮቹን ይዞ ውጭ ቀረ። አቦ ይመስገኑ! ሐኪሙ ጫማውን አውልቆ፣ ለመንገድ የሚይዛትን የመድኃኒት ሳጥን በትከሻው አንጠልጥሎ፣ በነጭ እግሩ እሾኹን እየረገጠ ከእኛ ጋር ገባ።

ወፉ ቆረቆረ። ተከተልነው። አንድ ትልቅ ወይራ ላይ ተለጥፎ አየነው። ጀርባው ወርቅ፣ ራሱ ቀይ። እውነት ለመናገር ከዚያ በፊት ድምፁን እንጂ መልኩን አላውቅም ነበር፤ ዕድሜ ልኬን አብሬው ኖሬ። ሐኪሙ መነጽሩን አነሳ። የሞተ ወዳጁን ስም መሰለኝ፣ ደጋግሞ ጠራ። ወፉ ወደ ታች በረረ። መነጽሩም ተከተለው። ወርዶ፣ ወርዶ፣ ጎጆዋ ደጅ ላይ ቆመ።

አድማሱ ፀሐይ ሊሞቅ ወጥቶ፣ እግሩን ዘርግቶ ተቀምጧል።

ሐኪሙ መነጽሩን አላወረደም። ከዚያ ርቀት መነጽር አያስፈልግም ነበር። እኔ በልቤ አቦን እማጸናለሁ። አያ ታረቀኝ ብቻ ተረጋግተው ቆመዋል፣ ገዳቸው ቀንቷላ!

በመጨረሻ መነጽሩን አወረደና ወደ አድማሱ ሄደ። አድማሱ እጁን ወደ ጎራዴው ሰደደ፤ ግን ለማንሳት እንኳ አቅም አልነበረው። ሐኪሙ አጠገቡ ተንበረከከና ያችን የሚያውቃትን ሰላምታ ሰጠው።

«የት ጋ ያምሃል?»

ቁስሉን ከፈተው፣ አጠበው፣ ውስጥ የቀረውን የጥይት ስባሪ አወጣው። አድማሱ ነጠላውን ነክሶ ድምፅ አላሰማም። እኔ ትከሻውን ይዤ አለቅሳለሁ። ሐኪሙ ሲጨርስ እጁን ጠርጎ፣ «ይህ ወፍ እግሩ ክፉ ነው። መመለስ አለብኝ» አለን።

ስንወጣ ሹምባሹ ወፉ ተገኘ ወይ ብሎ ጠየቀው።

«ሴቷን አየኋት» አለ ሐኪሙ። «ወንዱ የለም። ወንዱን ሳላይ አልሄድም።»

አያ ታረቀኝ በወፍ ላይ ውሸት ሲነገር መቼ ይችላሉ! «ኧረ ራሱ ቀይ...» ብለው ሲጀምሩ እግራቸውን ረገጥኳቸው። አማት መርገጥ ኃጢአት ነው፣ ንስሐ ገብቼበታለሁ። ያን ጊዜ ነው ነገሩ የገባኝ። ሰውዬው ባሕር ተሻግሮ የመጣበትን ወፍ፣ ዓመታት ያለመውን፣ አየሁ ብሎ የሚኮራበትን፣ አላየሁም አለ። ለወንድሜ ሲል። የወፍ ወንዱን ደብቆ የሰው ሆዱን ገለጠልን።

ከዚያ ወዲያ ወንዱን ሊፈልግ እየተመላለሰ ቁስሉን ያጥብለት ጀመር። አሁን ደግሞ ጭንቀቱ ተገለበጠ፤ ወፉ በቀኝ እንዲቆረቁር እንጸልያለን! አንድ ቀን አድማሱ ትኩሳት ይዞት ሐኪሙ በሰዓቱ ደረሰልን። ወደ አቦ ልንሄድ ከአማቴ ደጅ ስንወጣ ግን ወፉ በግራ ቆረቆረ። አያ ታረቀኝ ንቅንቅ አልል አሉ። ለመንኳቸው። እሳቸውም ጨነቃቸው፤ አድማሱን እንደ ልጃቸው ይወዱታል። ትንሽ አሰቡና ዞር አሉ። ፊታቸውን ወደ ቤታቸው፣ ጀርባቸውን ወደ አቦ አደረጉ። አሁን ወፉ በስተቀኛቸው ሆነ። «ቀንቷል!» ብለው የኋሊት መሄድ ጀመሩ። ሐኪሙ አያቸው፤ አልሳቀም። እሱም ዞሮ የኋሊት ተከተላቸው። ሹምባሹ ምንድን ነው ይኼ ቢለኝ፣ ወፏ ፊት ለፊት የሚመጣ ሰው ትፈራለች አልኩት። እሱም ምን እንደገባው እንጃ፣ ፂሙን እየዳበሰ ወታደሮቹን ወደ ሌላ ጎን እንዲያዩ አዘዛቸው።

አድማሱ ዳነ። ትንሽ ያነክሳል እንጂ ዳነ። ወደ ጓደኞቹም ተመለሰ። ጥሊያን ያቃጠለውን ቤት፣ የገደለውን ሰው አልረሳሁም፣ አልረሳምም። ያንን ሐኪም ግን በየማለዳው አመሰግነዋለሁ። ሁለቱም ልቤ ውስጥ ተጎራብተው ይኖራሉ፣ አይጣሉም።

ጥሊያን ቡሬን ለቆ ሲወጣ አርበኞቹ ከጦሩ ኋላ የሚቀረውን ሊለቅሙ ከመንገዱ በላይ ካለው ተረተር ላይ አድፍጠዋል። እኔ ስንቅ አድርሼ አድማሱ ጎን ተኝቻለሁ። ጦሩ አልፎ ካበቃ በኋላ ከበታቻችን ካለው ቁጥቋጦ አንድ ነገር ተንቀሳቀሰ። አድማሱ አነጣጠረ። አየሁ። ሐኪም ወፌ ነው! አገሩ እየፈረሰበት፣ ጓደኞቹ ጥለውት ሄደው፣ እሱ ከመንገድ ወጥቶ መነጽሩን ዛፍ ላይ ተክሏል። ለእሱ ዛሬም ጉዞው የወፍ ነው።

አድማሱ ጠመንጃውን ቀስ ብሎ መሬት ላይ አስተኛው።

የጦር አለቃው ከድንጋዩ ኋላ፣ «ምንድን ነው እዚያ ታች የሚንቀሳቀሰው?» አሉ።

«ወፍ ነው ጌታዬ» አለ አድማሱ።

አለቃው ቀልድ ይወዳሉ። «ወንድ ነው ሴት?» አሉት።

ወንድሜ ወደ እኔ ዞሮ አየኝ። ዐይኑ እንባ ሞልቷል፣ ከንፈሩ ይስቃል።

«ኧረ ጌታዬ» አለ፣ «የወፍ ወንዱ መች ይታወቃል!»