ዜና እብጠቱ ለኮሎኔል፣ ወገድሉ ለመዝገበኛው

በዘመነ ጡረታ በአራተኛው ዓመት፣ የግቢው የውሃ ታንከር በተሰነጠቀ በሰባተኛው ወር፣ ቴሌቪዥኑ ድምፅ እንጂ ሥዕል ባልነበረው ጊዜ፣ ሥልጣናቸው ከሳሎን እስከ በረንዳ የተዘረጋው፣ ሠላሳ አንድ ዓመት በመዝገብ ቤት ተቀምጠው አንዲት ወረቀት እንኳ ያልጠፋችባቸው (የጠፋችውም አንዲቱ በሌላ ሰው ጥፋት የጠፋች)፣ ዓቃቤ ፋይል፣ ሊቀ ማኅተም፣ ሪዘ ጥቁር፣ ጋሼ መዝገበኛው የሠሩትን ድንቅ ሥራ እነሆ እንጽፋለን፤ መካከል ላይ የሚስቅ ቢኖር ጸሐፊው አልሰማም።

ወበውእቱ ዓመት፣ በዕለተ ቅዳሜ፣ ከረፋዱ አራት ሰዓት ላይ፣ ኮሎኔል የተባለው ቡናማ ውሻ፣ ከልጆቻቸው ሁሉ ተለይቶ ስልክ ሳይደወልለት የሚመጣላቸው፣ በድንገት አበጠ። አስቀድሞ ከንፈሩ፣ ቀጥሎም የዓይኑ ቆብ ተነፋ፣ ገላውም በሽፍታ ተሞልቶ ከግድግዳው ጋር ይፋተግ ጀመር። ጋሼም አቅፈውት፣ ነጠላ ጫማ እንደተጫሙ፣ አንደኛው የባለቤታቸው መሆኑን ሳያዩ፣ ወደ እንስሳት ሐኪሟ ገሠገሡ። ሐኪሟም መርፌዋን ወግታ ስታበቃ እንዲህ ስትል አወጀች፦ «ጋሼ፣ ይሄ አለርጂ ነው። ከማበጡ በፊት የበላው ነገር አለ፣ ወይ የነካው፣ ወይ የነደፈው። እሱን ይፈልጉልኝ። ዛሬ ፊቱ ነው፤ ሌላ ቀን ጉሮሮው ካበጠ ትንፋሽ ያጥረዋል፣ እኔ ጋ እስኪደርስም አይቆይልዎትም።»

ጋሼም ይህን ሰምተው አልተቀመጡም። ቤት እንደ ገቡ ፋይል ቁጥር ኮ/001ን ከፈቱ፣ ለጦርነትም ተነሡ። አብረዋቸው የዘመቱትም እነዚህ ናቸው፦ በቀኝ ቀይ እስክሪብቶ፣ በግራ ሰማያዊ እስክሪብቶ፣ ከኋላ ወረቀት መብሻ ከነልጆቹ፣ በአንድ ጎን ብቻ የሚነክስ ስቴፕለር፣ ክንዱ በፕላስተር የታሰረ መነጽር፣ እንዲሁም ሳይጠየቁ የተጠሩት ባለቤታቸው። ያን ጊዜም አዋጅ በአዋጅ ላይ ወጣ፦ «ከዛሬ ጀምሮ እንቁላል ለኮሎኔል ክልክል ነው! የወለሉ ሳሙና ታግዷል! የጎረቤታችን የልብስ ሰፊው ብጣሽ ጨርቅ ከዚህ ደፍ እንዳያልፍ!» ልብስ ሰፊውም ሜትሩን በአንገቱ እንዳንጠለጠለ ቢያጉረመርም የሚሰማው አላገኘ። በግቢው የአበባ ሐረግ ሥርም ጋሼ ንብን ጠርጥረው ዝንብ መምቻ ይዘው ሁለት ቀን ዘብ ቆሙ፤ ንቧ ግን ውሻውን ትታ እርሳቸውን ነደፈች፤ ይህም በፋይሉ ላይ «ከጉዳዩ ጋር አግባብነት የለውም» ተብሎ ተዘጋ።

ወእምዝ ሁለት ሳምንት ሲሞላ፣ በካልእ ቅዳሜ፣ እንቁላል ሳይበላ ሳሙና ሳይረግጥ፣ ኮሎኔል እንደገና አበጠ። ያን ጊዜ እግዚእተ ግቢ፣ ባለ ብዙ ቁልፍ፣ የቤቱ አከራይ እማማ ከሰገነታቸው ወጥተው አወጁ፦ «ስሙኝ! ይሄ ውሻ የሚተላለፍ ነገር ይዞታል። እኔ በዚህ ዕድሜዬ እንደ ዳቦ ልነፋ አልፈልግም። አንዴ ይድገመውና፣ ወይ ምክንያቱን ታመጡልኛላችሁ፣ ወይ ውሻውን ታወጡልኛላችሁ!»

ወበሣልስ ቅዳሜ፣ ሌላ ሁለት ሳምንት ሲሞላ፣ ደገመው፤ ትንፋሹም ሲያፏጭ ተሰማ። ሐኪሟ በመርፌ መለሰችው። እማማም እስከ እሑድ ቀትር ብቻ ቀን ሰጡ። ጋሼም የተኛውን ውሻ እግራቸው ሥር አድርገው ፋይሉን ከፊት ወደ ኋላ፣ ከኋላ ወደ ፊት አገላበጡ፤ ምንም አላገኙም፤ ዓይናቸውም እንባ አዘለ፤ ይህን ግን ጸሐፊው አቧራ ነው ብሎ ይመሰክራል።

በዚህ ጊዜ ባለቤታቸው፣ ዘኢትደክም በሥራ ወዘኢታርፍ በንግግር፣ ፋይሉን ከእጃቸው ነጥቀው እንዲህ ሲሉ አወጁ፦ «አንተ ሰውዬ! አርባ ሦስት ገጽ ጽፈሃል። ሳሙናዬን ከሰስህ፣ ድስቴን ከሰስህ፣ ጭራሽ ገጽ ሃያ ሁለት ላይ እኔን ‹ተጠርጣሪ፣ የእጅ ቅባት ትጠቀማለች› ብለህ ጻፍከኝ። አንተስ የታለህ? ቀኑን እየው እስቲ፤ ሦስቱም በየሁለት ሳምንቱ ቅዳሜ ነው። በየሁለት ሳምንቱ ቅዳሜ ደግሞ አንተ መታጠቢያ ቤት ገብተህ ትቆልፋለህ፣ ስትወጣ ሪዝህ እንደ ጎማ ጠቁሯል፣ ያ ምስኪን ደግሞ ናፈቅከኝ ብሎ አፍህን ይልሳል!»

ስሕተቱም እንዲህ ነበረ፦ በመዝገብ ቤት ደንብ ፋይል ከፋች በፋይሉ አይጻፍም፤ ጋሼም ይህን ደንብ ሠላሳ አንድ ዓመት ሳያፈርሱ ኖረው ነበርና፣ በቤቱ ያለውን ሁሉ እስከ ድስት ክዳን ሲመዘግቡ ራሳቸውን ዘለሉ። የሪዛቸውንም ማጥቆሪያ ቀለም ካርቶን በጋዜጣ ሦስት ጊዜ ጠቅልለው፣ የሰረቁት ዕቃ ይመስል በብብታቸው ሸጉጠው ለሐኪሟ አደረሱ። እርሷም በጀርባው የተጻፈውን አንብባ አወጀች፦ «ጋሼ፣ ጥፋተኛው እጅ ከፍንጅ ተይዟል። ይሄ ቀለም እንኳን ውሻ ሰውንም ያሳብጣል። ላረጋግጥ ብለው ደግመው እንዳያስልሱት! ይውጣ ከቤት፤ ውሻው አይደለም፣ ቀለሙ።»

በዚያች ማታ በልባቸው ታላቅ ጦርነት ሆነ። እንቁላል ነው ብለው ቢዋሹስ? ግን ውሸቱ ሁለት ሳምንት ብቻ እንደሚቆይ፣ ከዚያ በኋላ ከአፍንጫቸው ሥር ነጭ ሆኖ እንደሚበቅል አስተዋሉ። ቀለሙን ቢቀጥሉስ? ያን ጊዜ የሚያፏጨውን ትንፋሽ አሰቡ፣ ከዚያም በኋላ ሌላ አላሰቡም።

እሑድ ረፋድ ላይ በተደፋ ባልዲ ላይ ቆመው፣ ፋይሉን በደረታቸው አቅፈው፣ በእማማና በልብስ ሰፊው ፊት አወጁ፦ «ምክንያቱ ተገኝቷል። ተላላፊ አይደለም። የሪዜ ቀለም ነው። አዎ፣ እቀባለሁ። አሥራ አንድ ዓመቴ ነው። ከዛሬ ጀምሮ ግን ትቻለሁ።»

ልብስ ሰፊው ወደ ሜትሩ አቀረቀረ። እማማም ቁልፎቻቸውን አንቃጭለው የመጨረሻውን አዋጅ አወጁ፦ «ለዚህ ነው አርባ ሦስት ገጽ? እኔማ ትልቅ ነገር መስሎኝ! በዚህ ግቢ እኮ ይሄንን የማያውቅ ውሻው ብቻ ነበር። በሉ ይቀመጥ። አንተም ከባልዲው ውረድ፣ ልትሰብረው ነው።»

ከዚያም ቅዳሜዎች መጡ፣ ቅዳሜዎች ሄዱ፣ ኮሎኔልም አላበጠም፤ የጌታውንም አፍ እንደ ልቡ ይልሳል። ሰላም ለከንፈሩ፣ ሰላም ለጉሮሮው! ክብርም ለጋሼ መዝገበኛው ይሁን፤ ኃያላን ስለ ወዳጆቻቸው ወርቅና ፈረስ ሰጡ ተብሎ ተጽፎላቸዋል፤ እርሳቸው ግን ስለ አንድ ውሻ በአንድ እሑድ ረፋድ አሥራ አምስት ዓመት አረጁ፤ ያስገደዳቸውም አልነበረም፣ ከባለቤታቸው በቀር።