እስክስታ የተወረደበት ጂግ

ወገኖቼ፣ ዛሬ እዚህ ሱዳን፣ ዐማራት ሰፈር ውስጥ የሠራሁትን ጉድ ከሰው ከምትሰሙ ከራሴ ስሙት! ቪዲዮው ሳይደርሳችሁ ልቅደም ብዬ ነው።

ቼሎ እንደምማር ታውቃላችሁ። የማታውቁ ደግሞ፣ ያ ጉልበት መሃል ተይዞ የሚገዘገዘው ግዙፍ ቫዮሊን። አዎ፣ ሪክሻ ውስጥ አልገባ እያለ በሹፌር የሚያሰድበኝ!

አስተማሪዬ ኡስታዝ ሃሺም የቼሎ ቡድን አላቸው። አንድ ወንበር ተለቀቀ። ፈላጊዎቹ እኔና ራንዳ ነን። ፈተናው ዛሬ ከሰዓት፣ እሳቸው ሳሎን፣ በሰው ፊት!

ወንበሩን እንዴት እንደፈለግኩት አትጠይቁኝ። መኝታ ቤቴ ውስጥ ብቻዬን መገዝገዝ ሰልችቶኛል በቃ።

ኡስታዝ ገና ለምናድግ ተማሪዎች ባሮክ በሚባለው የድሮ ስልት አጫጭር የሶሎ ሙዚቃ ራሳቸው ይጽፋሉ። ለራንዳ ሳራባንድ ሰጧት፣ ዝግ ያለ፣ የጨዋ ልጅ። ለእኔ ጂግ! ጂግ የድሮ አውሮፓውያን መጨፈሪያ ነው። ሁለት ክፍል አለው፣ እያንዳንዱ አንዴ ይደገማል፣ ያልቃል።

ልብ በሉ። ያልቃል።

የእኔ በሽታ ደግሞ በተሳሳትኩ ቁጥር ቀጥ ማለት ነው። ስለዚህ ኡስታዝ አስጠነቀቁኝ፦ «ያ ቢቲ፣ ልጄ፣ ብትሳሳቺም አትቁሚ። ከቆምሽ ወንበሩ የራንዳ ነው፣ ኸላስ!»

እማዬ ብቻዋን የመጣች መሰላችሁ? አታውቋትም! የሰፈራችንን የሳጃናን ግማሽ በአምጃድ ሚኒባስ ጭና መጣች። ጎረቤታችን እትዬ አልጋነሽ የሀበሻ ቀሚሳቸውን ለብሰው ከፊት ተሰየሙ።

ራንዳ ተጫወተች። በጣም ያምር ነበር፣ ቀናሁባት።

ተራዬ ደረሰ። የመጀመሪያው ክፍል ያለ አንድ ስህተት አለፈ! እኔ ነኝ? እኔው ነኝ!

ግን የጂግ ምት ምን እንደሚመስል ታውቃላችሁ? ችክችካ! ስንት ወር ስለማመደው ልብ ያላልኩትን እትዬ አልጋነሽ ወዲያው ገባቸው።

ማጨብጨብ ጀመሩ። ከዚያ እልልታ። ከዚያ ተነስተው ፊቴ ላይ እስክስታ ወረዱት! የኡስታዝ ወንድም ደግሞ ዝም ብሎ አላየም። በሱዳን ሰርግ ወግ እጁን ሽቅብ ዘርግቶ፣ ጣቱን እያጮኸ ዞራቸው!

እኔ መጨረሻው ላይ ደርሻለሁ።

አሁን ፍረዱኝ። ትልቅ ሰው ፊታችሁ ትከሻቸውን እየሰበቁ ሙዚቃ ይቆማል? እኔ እኮ ያደግኩት ሳጃና ሰርግ ላይ ነው! ነውር ነው። እማዬ ትገድለኛለች።

ደገምኩት።

አልተቀመጡም። ደገምኩት። እማዬ ራሷ ተነስታ፣ ቦርሳዋን ከፍታ፣ የወረቀት ጊኒ፣ ያው የሱዳኑን ብር፣ ግንባሬ ላይ ለጠፈችልኝ! በላቤ ተጣበቀ። በአንድ ዓይኔ እያየሁ ደገምኩት።

ኡስታዝ ከጥግ እጃቸውን ያወናጭፋሉ። እኔ በልቤ፣ «አይዞዎት ኡስታዝ፣ አልቆምም!»

እትዬ አልጋነሽ ደክሟቸው ዘፍ ሲሉ ጨረስኩ። ቤቱ ተናጋ! አንዴም አልቆምኩም! ወንበሩ የእኔ ነው!

ኡስታዝ መነጽራቸውን አወለቁ።

«አትቁሚ አልኩሽ እንጂ አትጨርሺ አልኩሽ? ቡድን ማለት አብሮ መጨረስ ነው፣ ያ ቢቲ።»

ወንበሩ ለራንዳ ሆነ።

አለቀስኩ? ትንሽ። በጣም ፈልጌው ነበር እኮ። ግን እያለቀስኩ ሳቄ አመለጠኝ፣ ምክንያቱም ራንዳን ያቀፏት ይዘዋት የመጡት አጎቷ ብቻ ናቸው፤ እኔን ግን ሳጃና በሙሉ ሊያፍነኝ ነበር።

እትዬ አልጋነሽ አገጬን ይዘው፣ «ተይው የእሱን ወንበር! ያላ፣ የልጄን ሰርግ የምትጫወቺው አንቺ ነሽ!» አሉኝ። እማዬ እኔን ሳትጠይቅ «ኢንሻላህ!» ብላ በእኔ ስም ቃል ገባች።

የእኛ ሰርግ ደግሞ ሲነጋ ነው የሚያልቀው። እኔ የማውቀው አንድ ጂግ ነው።

እስቲ ሰርግ የምታውቁ ንገሩኝ፣ ሙሽራዋ ስንተኛው ድግግሞሽ ላይ ትነቃብኛለች?