አቶ ባንተአምላክ አበልጃቸውን ከደንበኝነት ያሰናበቱበት ዜና

በ፳፻፮ ዓመተ ምሕረት፣ በዘመነ ማርቆስ ወንጌላዊ፣ የቢቸናው የገንዘብ አማካሪ አቶ ባንተአምላክ፣ ለነጋዴ ብርሃን፣ ለደንጋጣ ግብር ከፋይ ጥላ የሆኑት፣ ከመናኸሪያው ጀርባ ቢሯቸውን በከፈቱ በዘጠነኛው ዓመት፣ በወርኃ ሐምሌ፣ ይህ ገድል ተፈጸመ።

ደንበኞቻቸው አርባ አንድ ነበሩ፤ ባንተአምላክ እምቢ ማለትን ከእናታቸው ማሕፀን ይዘው አልወጡምና። ደንበኛው ሁሉ ቢሮው ሲዘጋ ቤት ድረስ ይከተላቸዋል፤ አንዱ ሚኒባስ ልግዛ፣ አንዱ ወፍጮ ልትከል እያለ ሳሎን ያመሻል። ወእምዝ ባለቤታቸው እመቤት አየሁሽ፣ በገዛ አልጋቸው ጫፍ ሁለት የማያውቋቸው የጤፍ ነጋዴዎች ተቀምጠው ባገኙ ዕለት፣ ሻንጣቸውን አንሥተው ሞጣ እናታቸው ቤት ገቡ፤ አዋጅም ላኩ፦ «ደንበኞችህ ወደ አሥራ ሁለት ካልወረዱ ቢቸናን አልረግጥም። ወይ እኔ ወይ እነሱ።»

ባንተአምላክ ሆዳቸው ባባ፤ ቤቱ ሰው ሞልቶት ሳለ ጭር አለባቸው። ስለዚህ አሥራ ሁለት ከበርቴ መርጠው ስማቸውን በቢሮው በር ለጠፉ። ስማቸው የተዘለለው ግን እያንዳንዳቸው ሦስት ሦስት ሽማግሌ ላኩባቸው። ባንተአምላክም በተራቸው ወደ ሞጣ አስታራቂ ሊልኩ ቢፈልጉ፣ በከተማው አንድ ሥራ የፈታ ሽማግሌ ጠፋ፤ ሁሉም በእሳቸው ግቢ ቆሞ ነበርና። እንዲህም ሲሉ አወጁ፦ «አባቶቼ፣ አስቀድማችሁ ከሚስቴ አስታርቁኝ፤ የላኳችሁን ሰዎች ነገር ከዚያ በኋላ እሰማለሁ።»

ከመካከላቸው ተመርጠው በሁለት ሚኒባስ የዘመቱትም እነሆ፦ መቋሚያ የያዙ አንድ መሪጌታ፣ ጡረተኛ መምህራን፣ እርስ በርስ የተኳረፉ ሁለት የዕድር ዳኞች፣ መኪና የሚያስመልሳቸው አንድ የቀድሞ ሊቀመንበር፣ ሌሎችም።

እመቤት አየሁሽ ሽማግሌዎቹ ያመጡትን የአሥራ ሁለቱን ስም ዝርዝር ተቀብለው አነበቡ፤ አንብበውም ሳቁ። ዘጠኝ ዓመት በሳሎናቸው ሁሉን ሲሰሙ ኖረዋልና። ባለ መጋዘኑ የእህል ነጋዴ ከፋለ፣ አንዲት ምክር ተቀብሎ የማያውቀው፣ በአናት ተጽፏል፤ በመናኸሪያው በር ሽሮ የሚሸጡት ወይዘሮ ሀብትነሽ፣ የተመከሩትን በማግሥቱ የሚያደርጉት፣ ተዘልለዋል። እንዲህም አወጁ፦ «ባሌ በኪስ መረጠ፤ እኔ በጆሮ እመርጣለሁ። ሰምቶ የሚያደርግ ይቆይ። የማይሰማው ለዓመት በዓል ይምጣ፣ እናበላዋለን።» በዚህ ወንፊት ከአርባ አንዱ አሥራ አንድ ብቻ ቀሩ።

ከፋለ ግን የባንተአምላክ አበልጅ፣ የበኩር ልጃቸው የክርስትና አባት ነው፤ ለአበልጅ ደግሞ እንዲህ ያለ ነገር በሰው አይላክም። ወሶበ ሰምዐ ዘንተ፣ ይህን ፍርድ በሰሙ ጊዜ፣ ባንተአምላክ ሁለት ጊዜ ወደ መጋዘኑ ሄደው፣ ሁለት ጊዜ የማይፈልጉትን ባቄላ ገዝተው ተመለሱ። በሦስተኛው ዓይናቸውን ጨፍነው አወጁ፦ «አበልጄ፣ ከዛሬ ጀምሮ አልመክርህም። ዝምድናችን እንዳለ ነው።» ከፋለም መሬት መሬት እያየ፣ በጆንያዎቹ ፊት አወጀ፦ «እኔ መቼ ለምክር መጣሁ? ከአንተ በቀር የሚያዳምጠኝ ሰው ስለሌለ እንጂ።» የባንተአምላክ እንባ መጣ፤ ቃላቸውን ግን አላጠፉም፤ ለእሑድ ምሳ ጠሩት።

በማግሥቱ አየሁሽ ከሞጣ መጡ። ባንተአምላክም በሥራ ሰዓት፣ ያውም በግብር መክፈያው ወር በሐምሌ፣ ቢሯቸውን ዘግተው መናኸሪያ ቆመው ተገኙ።

ኦ ባንተአምላክ፣ መዋዔ ይሉኝታ! ሌላው ጀግና ምሽግ ሰብሯል፤ አንተ ግን የአበልጅህን ዓይን እያየህ፣ ኧረ ጨፍነህም ቢሆን፣ እምቢ ብለሃል። አየሁሽም ከመኪና ወርዳ፣ ሕዝብ እያየ ክንድህን ይዛ ሄዳለች፤ በቢቸና ከዚህ የሚበልጥ ማዕረግ የለም።